በርካሽ የተገኘ ዕቃ፤ ዋጋው ለምን ወረደ?

ዛሬ ወሬያችን ስለ ገበያ ነው። ገበያው የጤፍና የበርበሬ ሳይሆን የተጣለ፣ የተበላሸና ጊዜ ያለፈበት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚገዛበት ነው። ኤሌክትሮኒክስን ለእንጀራ ሳይሆን በፍቅር የሚሠሩ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ ማታ ካውያ ያግላሉ፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው ያረጀ መሣሪያ ይገዛሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «ሰሞኑን ምን አገኘህ? በስንት?» ወደ ነገራችን ከመግባታችን በፊት፣ በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናሳውቃለን።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ለዓመታት ሲወራለት የኖረ አንድ ግዢ አለ። በ2011 ገደማ በኢቤይ የኢንተርኔት ገበያ ላይ ከቻይና የሚላክ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ የብረት ሳጥን በ40 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። ስሙ ኤፍኢ-5680ኤ ይባላል። ውስጡ ያለው የሩቢዲየም አቶሚክ ሰዓት ነው። የሩቢዲየም አተሞች የሚመርጡት አንድ የተወሰነ ሞገድ አለ፤ በሴኮንድ ከ6.8 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚወዛወዝ። ሞገዱ ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ምላሻቸው ይደክማል። መሣሪያው ይህን ምላሽ እየተከተለ ራሱን ያርማል፤ በመጨረሻም በሴኮንድ ልክ 10 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ምልክት ያወጣል። በደንብ የተስተካከለ እንደሆነ አንዲት ሴኮንድ ለመሳት በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። አዲሱን ልግዛ የሚል ሰው ከሺህ ዶላር በላይ ማውጣት ነበረበት።

ታዲያ እንዴት 40 ዶላር ገባ? የሞባይል ስልክ ጣቢያዎች እርስ በርስ ተናብበው እንዲሠሩ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በብዙ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ሳጥን ይገጠም ነበር። ኔትወርኩ ወደ አዲስ ትውልድ ሲሸጋገር አሮጌው ተነቀለና ለቁርጥራጭ ነጋዴ በጅምላ ተሸጠ። ነጋዴው ሲፈታው ሳጥኖቹን አገኘ። ሳጥኑ አልተበላሸም፤ የሚፈልገው ድርጅት ነው የጠፋው። ርካሽ ዕቃ አዳኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚማሩት ይህን ነው። አንድ ዕቃ ዋጋው የሚወርደው ስለማይሠራ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለጨረሰበትም ይወርዳል። ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት።

«አቶሚክ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ካለ የአሜሪካዊውን የቶም ቫን ባክን ታሪክ ይስማ። ቫን ባክ ከቴሌኮምና ከቤተ ሙከራ የተረፉ ሰዓቶችን እየሰበሰበ መኖሪያ ቤቱን የሰዓት ቤተ ሙከራ ያደረገ ሰው ነው። በ2005 ሦስት የሲዚየም ሰዓቶችን፣ ማለትም ከሩቢዲየም የላቁትን፣ ከነባትሪዎቻቸው በቤተሰብ መኪና ላይ ጭኖ፣ ሦስት ልጆቹን አሳፍሮ፣ በዋሽንግተን ግዛት ወደሚገኘው ወደ ሬኒየር ተራራ ወጣ። ሁለት ሌሊት አድረው ተመለሱ። የአይንሽታይን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው ከፍታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ብሎ ካለው ይፈጥናል። ቫን ባክ ተራራ ላይ ያደሩትን ሰዓቶች ቤት ከቀሩት ጋር ሲያስተያያቸው ወደ 22 ናኖሴኮንድ ቀድመው አገኛቸው። ናኖሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቀድሞ የተሠራው ስሌትም የሚለው ይህንኑ ነበር። ልጆቹ በሁለቱ ቀናት ውስጥ ቤት ከቀረችው እናታቸው ይልቅ 22 ናኖሴኮንድ ያህል አርጅተው ተመለሱ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለእኛ አገር ሰው የተለየ ጣዕም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያው ቀመር ብናሰላው አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰዓት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በየቀኑ 22 ናኖሴኮንድ ገደማ ይቀድማል። ቫን ባክ ሁለት ሌሊት ተራራ ላይ አድሮ ያገኘውን ልዩነት የአዲስ አበባ ነዋሪ ምንም ሳያደርግ በአንድ ቀን ያገኘዋል። አንድ የፊዚክስ መምህር ሁለት ጥሩ ሰዓቶች ቢያገኝ ለተማሪዎቹ ሊያሳየው የሚችል ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ገበያ አዲስ አይደለም። በኒውዮርክ፣ በታችኛው ማንሃተን፣ በኮርትላንድ ጎዳናና በዙሪያው «ራዲዮ ሮው» የሚባል ሰፈር ነበር። ከ1921 ጀምሮ የራዲዮ ሱቆች እየተደረደሩበት አደገ። ሰፈሩ ይበልጥ የደራው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሠራዊቱ ለጦርነቱ ያሠራው ራዲዮ፣ ቫልቭ፣ ትራንስፎርመርና መለኪያ በመጋዘን ተከምሮ ቀረ፤ ጦርነቱ ስላለቀ በርካሽ ተቸበቸበ። ትናንት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ የነበረው ቢሲ-348 መቀበያ ዛሬ የአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ተማሪው የአውሮፕላኑን የኃይል አቅርቦት አውጥቶ ለቤት መብራት የሚሆን ይገጥምለትና በአጭር ሞገድ ዓለምን ያዳምጥበት ነበር። ሰፈሩ በ1966 መፍረስ ጀመረ፤ የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች የተሠሩት እዚያው ላይ ነው።

በሚሺጋን ግዛት ደግሞ ሃዋርድ አንቶኒ የተባለ ሰው ሂዝ የሚባል ኩባንያ ነበረው። ድርጅቱ በፊት የሚታወቀው ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው ትንንሽ አውሮፕላን ነው። አንቶኒ ከጦርነቱ የተረፈ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በብዛት ገዛ፤ ከውስጡ የኦሲሎስኮፕ መስታወት ቱቦዎች ይገኙበት ነበር። ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ምልክትን በመስኮት ላይ ስሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ቴስተር ቮልቱ ስንት እንደሆነ ይነግራል፣ ኦሲሎስኮፕ መልኩን ያሳያል። አንቶኒ በ1947 ገዢው ራሱ በይዶ የሚገጣጥመው ኦሲሎስኮፕ ከ50 ዶላር ባልበለጠ ዋጋ አቀረበ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስከፍል ስለነበር ትዕዛዙ ጎረፈ። ሂዝኪት በሚል ስም የወጡት የመገጣጠሚያ ዕቃዎች ከዚያ በኋላ የአንድ ትውልድ መሐንዲሶችን እጅ አፍታተዋል።

ጃፓንም እንዲሁ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ አጭር ሞገድ ማዳመጥ ተከልክሎ ነበር። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ማሳሩ ኢቡካ የሚባል መሐንዲስ በቶኪዮ በቦምብ በተጎዳ የሱቅ ሕንፃ አንድ ክፍል ይዞ የሰዎችን ራዲዮ መጠገን ጀመረ። ተራውን ራዲዮ አጭር ሞገድ እንዲይዝ የሚያደርግ መቀየሪያም እየሠራ ገጠመላቸው። በቀጣዩ ዓመት ከአኪዮ ሞሪታ ጋር ኩባንያ አቋቋመ፤ ዓለም ዛሬ ሶኒ ብሎ የሚያውቀው እሱን ነው። በዚያው ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት አካባቢ ከሠራዊቱ የተረፈ ቫልቭና ሽቦ የሚቸረችሩ ጉልቶች ፈሉ፤ ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። በ1949 የመንገድ ላይ ንግድ እንዲነሳ ትዕዛዝ ሲወጣ ነጋዴዎቹ ከባቡር ድልድይ ሥር ገቡ። አኪሃባራ የተባለው ስመ ጥር የኤሌክትሮኒክስ ሰፈር እንዲህ ተወለደ። ከድልድዩ ሥር ያሉት ሱቆች ጠባብ ከመሆናቸው የተነሳ ነጋዴው ከመቀመጫው ሳይነሳ ወደ ሁሉም መሳቢያ እጁ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ዕቃ እንሂድ፤ ወደ ተበላሸው።

ጂም ዊሊያምስ የሚባል አሜሪካዊ የአናሎግ ሰርኪዩት ነዳፊ ነበር። ሊኒየር ቴክኖሎጂ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሠርቶ በ2011 አረፈ። ይህ ሰው የፈለገውን መሣሪያ አዲሱን መግዛት ሳይቸግረው፣ ቤቱን የሞላው ተበላሽተው በገዛቸውና ራሱ በጠገናቸው አሮጌ ኦሲሎስኮፖች ነው። በ1991 በወጣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መጠገን የጻፈው መጣጥፍ አለ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ የተበላሸ ጥሩ መሣሪያ ከትምህርት ቤት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ለመጠገን የነዳፊውን ሐሳብ ከሥር እስከ ላይ መከተል ግድ ነው። ካረፈ በኋላ የሥራ ጠረጴዛው እንዳለ፣ ከነዝብርቅርቁ፣ በካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቷል። ሽቦ፣ ቦርድና ወረቀት ተከምሮበት የእጅ ማሳረፊያ የሌለው ጠረጴዛ ነው፤ ሥራ ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት ለሚሉ አለቆች የማይመች ትርኢት።

ዊሊያምስ የሚወዳቸው ዓይነት መሣሪያዎች ዛሬም ይገኛሉ። ቴክትሮኒክስ 465 በ1972 የወጣ፣ እስከ 100 ሜጋኸርዝ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ። በዘመኑ የጠጋኝ ሁሉ ሕልም ነበር። አሁን በአሜሪካ የራዲዮ አማተሮች ገበያዎች ላይ፣ ለምሳሌ በየዓመቱ ግንቦት ወር በኦሃዮ ግዛት በሚደረገው ሃምቬንሽን ላይ፣ ይሸጣል። ሆኖም አዲሱ ዕቃ የአሮጌውን ገበያ አበላሽቶታል። በ2014 የቻይናው ሪጎል ኩባንያ አራት ምልክት በአንድ ጊዜ የሚያሳይ፣ ቀላል፣ ማስታወሻ ያለው ኦሲሎስኮፕ በ399 ዶላር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ለአሮጌው 465 ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው ለፍቅር ነው።

ኦሲሎስኮፑን እዚህ ላይ እንተወው። አብዛኛው አድማጫችን የሚያገኘው የተበላሸ ዕቃ ሌላ ነው፤ ዩፒኤስ፣ የኮምፒውተር ስክሪን፣ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ፣ የሞተ ፕሪንተር። ይህ ዕቃ ከየቢሮው ጥግ ተነስቶ፣ «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ በሚዞረው ገዢ ትከሻ አልፎ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። ምናለሽ ተራ የአንዱ ትርፍ ለሌላው መነሻ የሚሆንበት ቦታ ነው።

ዩፒኤሱን እንውሰድ። መብራት ሲጠፋ ከደቂቃ በላይ አልይዝ ብሎ የሚጣለው ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሞተበት ባትሪው ብቻ ነው። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዝ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ሲሆን ዕድሜው በጥሩ ሁኔታ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ሪሌዎቹና ቦርዱ ደኅና ናቸው። በቁርጥራጭ ዋጋ ገዝቶ ባትሪ የቀየረለት ሰው ሙሉ ዩፒኤስ አገኘ ማለት ነው።

ስክሪኑ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ከ1999 እስከ 2007 ገደማ ባሉት ዓመታት በዓለም ገበያ ላይ ጥራት የጎደላቸው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች በብዛት ተሰራጭተው ነበር። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በትክክል ስላልተቀመመ ጋዝ ይፈጥራል፣ ካፓሲተሩ ያብጣል፣ ከዚያም ይፈነዳል ወይም ያፈሳል። ዴል ኩባንያ በዚህ ምክንያት ለሚጠግናቸውና ለሚተካቸው ኮምፒውተሮች በ2005 የ300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ያኔ የተጀመረው ችግር በርካሽ ዕቃ ላይ ዛሬም አልጠፋም። አልበራ ያለ ወይም በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ስክሪን ሲከፈት፣ የፓወር ቦርዱ ላይ እንደ ትንንሽ በርሜል የቆሙ ካፓሲተሮች ይታያሉ። አናታቸው ላይ የመስቀል ወይም ሌላ ዓይነት ጭረት አለ፤ ጋዙ ሲበዛ በዚያ በኩል እንዲወጣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የደኅናው አናት ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመው አናት ጣት ሲሄድበት ጉብ ይላል፣ አንዳንዱም ላይ ቡናማ ዝቃጭ ደርቆ ይገኛል። በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ በእኩል ወይም ከፍ ባለ ቮልት፣ 105 ዲግሪ በተጻፈበት አዲስ ካፓሲተር ይተካል። ጎኑ ላይ ያለው ሰረዝ የኔጌቲቩን እግር ያመለክታል፤ ተገልብጦ የተበየደ ካፓሲተር ይፈነዳል። ወጪው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ አድማጭ ጆሮውን እንዲያቆም እንጠይቃለን። የግድግዳችን 220 ቮልት በፓወር ቦርዱ ላይ ተቃንቶ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ 311 ቮልት ገደማ ይሆናል። ያን የሚያጠራቅመው ትልቁ፣ 400 ወይም 450 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር፣ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ያዘለውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ ማገናኘት የአንዳንድ ጠጋኝ ልማድ ነው፤ ልማዱ መጥፎ ነው። በሬዚስተር በኩል ቀስ ብሎ ማፍሰስና በቴስተር ለክቶ ማረጋገጥ ይሻላል። ማይክሮዌቭ ምድጃን ግን ልምድ የሌለው ሰው ጨርሶ አይክፈት። ትራንስፎርመሩ 2,000 ቮልት ገደማ ያወጣል፤ በሌሎች አገሮች ትራንስፎርመሩን ለመዝናኛ ሥራ ያወጡ ብዙ ሰዎች ሞተውበታል።

የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ መክፈትም አያስፈልግም። ከትልቁ ሶኬት አረንጓዴው ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር ሲገናኝ መሣሪያው ይነሳል፤ ከዚያ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካንማው 3.3 ቮልት ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የጠረጴዛ የኃይል ምንጭ በዚህ ዋጋ አይገኝም። አንዳንዶቹ ትንሽ ሥራ ካልተሰጣቸው ቮልታቸው አይረጋም፤ 5 ቮልቱ ላይ አንድ ሬዚስተር ወይም ትንሽ አምፖል ማሰር ይበቃል።

ፕሪንተሩስ? በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ ኮጆ አፋቴ ግኒኩ የሚባል ሰው በ2013 መላውን ዓለም ያስገረመ ነገር ሠራ። ከተጣሉ ፕሪንተሮች፣ ስካነሮችና ኮምፒውተሮች ሞተሮቹን፣ የብረት ዘንጎቹንና ቀበቶዎቹን ነቅሎ፣ ጥቂት አዲስ ነገር ጨምሮ፣ በ100 ዶላር ገደማ ወጪ ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ፣ ማለትም ፕላስቲክ አቅልጦ ዕቃ የሚቀርጽ መሣሪያ ገጣጠመ። ሥራውን ያከናወነው ወኤላብ በተባለው የከተማዋ የጋራ ወርክሾፕ ነው። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ነገሩ ተአምር አይደለም። ፕሪንተር ውስጥ ያለው ስቴፐር ሞተር ወረቀቱን በሚሊሜትር ክፋይ ልክ የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ቀረጻም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግኒኩ ያየው ፕሪንተር ሳይሆን ሞተር ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሻጩም አምራቹም ሳያውቁት ርካሽ የሆነው ዕቃ ነው። በኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ዲጂታል ቴሌቪዥን የሚያሳይ፣ ከፍላሽ ብዙም የማይበልጥ መቀበያ በ20 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ውስጡ የታይዋኑ የሪልቴክ ኩባንያ አርቲኤል2832ዩ የተባለ ቺፕ አለ። ዕቃው ቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን ኤፍኤም ራዲዮም ያሰማል። በ2012 መጀመሪያ አንቲ ፓሎሳሪ የሚባል ፊንላንዳዊ ፕሮግራመር ቺፑ ኤፍኤም ሲያሰማ የሚሠራውን ሥራ መረመረ፤ ከዚያ በፊት በ2010 ኤሪክ ፍራይ የተባለ ሌላ ሰው ፍንጩን አግኝቶ ነበር። ቺፑ ለካ ኤፍኤሙን ራሱ አይፈታም። ከአየር የያዘውን ሞገድ እንዳለ በቁጥር ለውጦ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ የሚፈታው የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ነው። እንግዲህ ሶፍትዌሩን የቀየረ ሰው የፈለገውን ሞገድ ሊፈታ ይችላል። ኦስሞኮም የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ቡድን ነጂውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ጻፈለት፤ 20 ዶላሩ ዕቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ የሚያዳምጥ መቀበያ ሆነ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ከዚያ በፊት ከመቶዎች ዶላር አልፎ ሺህ ይገባ ነበር።

አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታና ከፍታ በ1,090 ሜጋኸርዝ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ወደ ቦሌ የሚገባው አውሮፕላን በአብዛኛው ይህን ያደርጋል፤ ሰማዩ በሚታይበት ጣሪያ ላይ ትንሽ አንቴና የተከለ ሰው በዚሁ ዕቃ በካርታ ላይ ሊከተለው ይችላል። ሆኖም የራዲዮ መሣሪያ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አስቀድሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባዋል፤ ጉምሩክ ላይ ተይዞ የሚቀር ርካሽ ዕቃ ርካሽ አይደለም። በዚህ መንገድ ገፋ አድርጎ መሄድ የሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለውን የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ ይወቅ፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው።

እስካሁን የተነሳው ዕቃ በሐቅ የረከሰ ነው። ሦስተኛውና መጥፎው ዓይነት ግን ከመነሻው የተባለውን ያልሆነ ነው።

የፓወር ባንክና የፀሐይ መብራት ባትሪ በየገበያው ሞልቷል። ውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 18650 የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ መጠኑን ይናገራል፣ 18 ሚሊሜትር ስፋት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። በዚህ መጠን በዓለም የታወቁት አምራቾች ሲጨምቁ ሲጨምቁ የደረሱበት አቅም 3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ 9,900 የተጻፈበት ባትሪ ሳይከፈት ሐሰተኛ ነው፤ መከራከርም አያስፈልገውም። ሚዛን ያለው ሰው ይመዝነው፤ ደኅናው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። አንዳንዱ ሐሰተኛ ሲቀደድ ትንሽ ባትሪ በዱቄት ተሞልቶ ተገኝቷል።

በርካሽ የሚሸጠው፣ ሁለት ቴራባይት የተባለው ፍላሽም እንደዚሁ ነው። ተንኮሉ ያለው ዕቃው ኮምፒውተሩን ስለ ራሱ መዋሸቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ሲለው ሁለት ቴራ ይለዋል፤ እውነተኛው አቅም ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋ ነው። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ማለት ይህ ነው። ባለቤቱ የሰርጉን ቪዲዮ ይጭናል፣ ፋይሉ በስሙ ይታያል፣ ከልኩ ያለፈው ግን በፊተኛው ላይ ይጻፋል ወይም ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ ውሸቱን ያወጡታል። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ቢሆንም ሻጩ እንዲመልስ የሚያደርግ ማስረጃ እጅ ላይ ይገባል።

ሐሰተኛ ዕቃ ሰነባብቶም ይመታል። ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ኮምፒውተርን ከትንንሽ ቦርዶች ጋር የሚያገናኝ ቺፕ ይሠራል፤ ቺፑም በብዛት ተመሳስሎ ተሠርቶበታል። በጥቅምት 2014 ኩባንያው በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሰራጨው ነጂ ሐሰተኛውን ቺፕ ሲያገኝ መለያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይለውጥ ነበር። ትናንት ሲሠራ የዋለ ዕቃ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ። ገዢው ሐሰተኛ መግዛቱን እንኳ አያውቅም ነበር። ቁጣው ስለበዛ ኩባንያው ማሻሻያውን አነሳ። አምራቹ መብቱን ማስከበሩ ተገቢ ነው፤ ያላወቀውን ገዢ ዕቃ በስውር ማሰናከሉ ግን ተገቢ አልነበረም።

በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለአድማጮቻችን። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ጥግ አቧራ የሚጠጣ ዩፒኤስ፣ ስክሪንና ፕሪንተር ያላችሁ፣ የቢሮ ከሆነ የንብረት ክፍሉን ሥርዓት ጨርሳችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ላለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የኤሌክትሮኒክስ መምህር ደውሉ። የሚፈታ ዕቃ ያጡ ተማሪዎች አሉት። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ካለበት ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እስኪወስደው ድረስም እሳትና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ለብቻው አስቀምጡት።